መጠይቁ አማና ነው፦ ቴስት ስንመርጥ የተማርነው

በዚህ ወቅት ከተመራቂ ተማሪዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «መጠይቁን ሰብስቤ ጨርሻለሁ፤ አሁን የትኛውን ቴስት ልጠቀም?» የሚል። ከጤናም፣ ከግብርናም፣ ከቢዝነስም፣ ከሶሻል ሳይንስም ተማሪዎች ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዲፌንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጠያቂው የሚጠብቀው መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ቲ-ቴስት» ወይም «ካይ-ስኩዌር» ተብሎ እንዲሸኝ ነው የሚፈልገው። እኛ ግን መልሱ በአንድ ቃል የማያልቅ መሆኑን ባለፈው ሴሚስተር ከሠራነው ሥራ ስለተረዳን፣ ያየነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ በጀመዓችን የትምህርት ዘርፍ ሥር ያለን አምስት ተመራቂዎች ነን። ሁለታችን ስታቲስቲክስ፣ የቀረነው የኅብረተሰብ ጤና፣ ኢኮኖሚክስና ሶሺዮሎጂ ተማሪዎች ነን። ሹራው አንድ ሥራ ሰጠን። ጀመዓው ለፍሬሽማን ተማሪዎች በየሳምንቱ የሒሳብ ቱቶሪያል ይሰጣል። ሲኒየሮች ጊዜያቸውን ሰውተው ያስተምራሉ፤ ሃንድአውት ለማባዛትም ከጀመዓው ኪስ ገንዘብ ይወጣል። ጥያቄው «ቱቶሪያሉ ይጠቅማል ወይ? እንቀጥልበት ወይስ ጊዜውንና ገንዘቡን ለሌላ እናውለው?» የሚል ነበር። መጠይቅ አዘጋጅተን፣ በትነን፣ ሰብስበን፣ ተንትነን መልስ እንድናመጣ ታዘዝን።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንበል። መላሾቻችን መጠይቁን የሞሉት ለሹራው ውሳኔ እንዲያግዝ እንጂ ለኅትመት ብለው አይደለም። ስለዚህ የጥናቱን ቁጥሮች እዚህ አናወጣም። ከዚህ በታች የምታገኟቸው ስሌቶች ለማስረዳት ብለን የፈጠርናቸው ምሳሌዎች ናቸው።

ከቴስቱ በፊት አራት ጥያቄዎች

ሥራውን የጀመርነው ኮምፒውተር ከፍተን አልነበረም። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄዎችን ጽፈን መልሳቸውን በመሙላት ነበር።

የመጀመሪያው፦ የምንለካው ነገር ምን ዓይነት ነው? «አልፏል ወይስ ወድቋል» ምድብ ነው። «በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» ደረጃ ነው፤ ቅደም ተከተል አለው፣ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን እኩል መሆኑን የሚነግረን የለም። የፈተና ውጤት ከመቶ ደግሞ እውነተኛ ቁጥር ነው። ኤስፒኤስኤስ ላይ «ኖሚናል፣ ኦርዲናል፣ ስኬል» የሚለው ምርጫ ይህንኑ የሚጠይቅ ነው። ብዙዎቻችን ሳናየው የምናልፈው ያ ትንሽ ሣጥን የምርጫውን ግማሽ ይወስናል።

ሁለተኛው፦ የምናወዳድረው ስንት ቡድን ነው? ሁለት ከሆነ አንድ መንገድ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ መንገድ አለው።

ሦስተኛው፦ የምናወዳድራቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይስ እነዚያው ሰዎች በሁለት ጊዜ? የአንድ ተማሪ የሚድና የፋይናል ውጤት ጥንድ ነው። ጥንድን እንደ ሁለት እንግዳ ሰው መቁጠር ያለንን መረጃ መጣል ነው።

አራተኛው፦ መልሶቹ አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው ወይ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። በኋላ እንመለስበታለን።

አራቱ ከተመለሱ ቴስቱ ራሱን ይመርጣል ለማለት ይቻላል። ምድብን ከምድብ ጋር ስናነጻጽር ካይ-ስኩዌር፤ በሠንጠረዡ ሣጥኖች ውስጥ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 በታች እየወረደ ሲያስቸግር የፊሸር ኤግዛክት ቴስት። የሁለት የተለያዩ ቡድኖችን አማካይ ስናወዳድር ቲ-ቴስት፤ መልሱ ደረጃ ብቻ ከሆነ ማን-ዊትኒ። እነዚያው ሰዎች ሁለት ጊዜ ሲለኩ የጥንድ ቲ-ቴስት ወይም ዊልኮክሰን፤ መልሱ «አዎ/አይ» ከሆነ ማክኔማር። ቡድኖቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አኖቫ ወይም ክሩስካል-ዋሊስ።

ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ የሰዎች ስሞች ናቸው፤ ከየሰዎቹም ጀርባ የተቸገሩበት ሥራ አለ። ካርል ፒርሰን ካይ-ስኩዌርን ያቀረበው በ1900 ነው። ቲ-ቴስትን በ1908 ያሳተመው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የቢራ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበር፤ አሠሪዎቹ በስሙ እንዲያሳትም ስላልፈቀዱለት «ስቱደንት» ማለትም «ተማሪ» በሚል ስም ጻፈ። ችግሩ የእኛው ችግር ነበር፦ በእጁ ያለው ናሙና ትንሽ ነው፤ ከትንሽ ናሙና ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል? ፍራንክ ዊልኮክሰን በ1945 በደረጃ ላይ የተመሠረተውን ዘዴ ያመጣው የኬሚስትሪ ሰው ነበር። መቁጠር ደግሞ ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አል-ኪንዲ የተመሰጠረ ጽሑፍ የሚፈታው ፊደላት ምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገሙ በመቁጠር መሆኑን ጽፏል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች መጀመሪያ ጥያቄ ነበራቸው፤ ቴስቱ የመጣው ጥያቄውን ተከትሎ ነው።

ወረቀቱን ያስፈረምነው ለምንድን ነው?

አራቱን ጥያቄዎች ከመለስን በኋላ አንድ ተጨማሪ ነገር አደረግን። ዋናው ጥያቄያችን ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ቴስት እንደምንመልሰው፣ «ቱቶሪያል ተከታተለ» የምንለው ስንት ጊዜ የመጣውን እንደሆነ፣ ሁለተኛ ጥያቄያችንም ምን እንደሆነ በዚያው ገጽ ላይ ጻፍን። አምስታችንም ፈረምንበት፤ አሚሩም ፈረመበትና በእርሱ ዘንድ ተቀመጠ። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም መጠይቅ ሳይበተን ነው።

ከመካከላችን አንዱ «የጋብቻ ውል አስመሰላችሁት እኮ» ብሎ ሳቀ። በኋላ ግን ያ ወረቀት ጠበቃችን ሆነ።

ምክንያቱን በስሌት እንየው። 0.05ን መስፈርት አድርገን አንድ ቴስት ብንሠራ፣ ምንም ልዩነት በሌለበት «ጉልህ ልዩነት አለ» ብለን የምንሳሳትበት ዕድል ከመቶ 5 ነው። አንዱ ከሌላው ነፃ የሆኑ 20 ቴስቶችን ብንሠራስ? ቢያንስ አንዱ በከንቱ «ጉልህ» የሚሆንበት ዕድል 64 ከመቶ ይደርሳል። በጾታ፣ በዲፓርትመንት፣ በክልል፣ በዶርም፣ በእድሜ እየከፋፈልን ስንሞክር ከዋልን አንድ ነገር ማግኘታችን አይቀርም፤ ያገኘነው ግን ዕጣ ነው። ቦንፌሮኒ የሚባለው ጥንቃቄ መስፈርቱን በቴስቶቹ ብዛት ያካፍለዋል፦ ለ20 ቴስት 0.05 ወደ 0.0025 ይወርዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥያቄውን አስቀድሞ መወሰን ነው።

ናሙናው፦ ፎርሙላ የማይሸፍነው

የናሙና ብዛት ሲባል በአገራችን ቴሲሶች ሁሉ የምታገኙት የያማኔ ፎርሙላ ነው። የሕዝቡን ብዛት፣ ለ1 ሲደመር የሕዝቡ ብዛት በስሕተት ወሰኑ ስኩዌር ተባዝቶ በሚገኘው ያካፍላል። 2000 ተማሪ ካለና የስሕተት ወሰኑ 0.05 ከሆነ፣ 2000 ለ6 ሲካፈል 334 ያህል ይመጣል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ፎርሙላው የሚሠራው እያንዳንዱ ተማሪ እኩል የመመረጥ ዕድል ካለው ነው። 334 መጠይቅ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በር ላይ ቆሞ ማደል ለ334 ሰው መድረስ እንጂ 2000ውን መወከል አይደለም። በር ላይ የሚገኘው ቀድሞ የወጣው፣ የማይቸኩለው፣ የምናውቀው ሰው ነው።

እኛ የፍሬሽማን ስም ዝርዝር ይዘን በዕጣ መረጥን። የእህቶችን ዶርም እኛ ወንዶቹ መግባት ስለማንችል የእህቶች ዘርፍ አስተባባሪዋና ሁለት ረዳቶቿ ሠሩት። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ጥናቱ «የወንዶች ጥናት» ሆኖ ይቀር ነበር፤ ማንም ቴስት ያንን አያስተካክልም።

በወንዶቹ ዶርም ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልን። በአንድ ክፍል ውስጥ መጠይቁን አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የቀሩት አልጋቸው ላይ ሆነው «አንተ ምን አልክ?» እያሉ ይሞላሉ። እዚህ ላይ ነው አራተኛው ጥያቄ የሚመጣው። ስድስት ሰው ሞላ ማለት ስድስት ነፃ መልስ አገኘን ማለት አይደለም። ለምሳሌ በየክፍሉ 6 ሰው ቢኖርና በአንድ ክፍል ሰዎች መልስ መካከል ያለው መመሳሰል 0.2 ቢሆን፣ ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው 1 ሲደመር 5 ሲባዛ 0.2፣ ማለትም 2 ይሆናል። 240 መጠይቅ የሰበሰበ ሰው በእጁ ያለው የ120 ሰው ያህል መረጃ ነው ማለት ነው። ኤስፒኤስኤስ ይህን አያውቅም፤ 240 ብሎ ይቆጥርና ከሚገባው በላይ ያነሰ ፒ-ቫልዩ ይሰጣል። ስለዚህ በየመጠይቁ ላይ ስም የሌለው የክፍል ኮድ አደረግን፤ ትንታኔውንም በዚያ አረምን፤ የቀሩትን ክፍሎችም ለየብቻ እንዲሞሉ ጠየቅን።

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች ይህን ከአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ታውቁታላችሁ። የ2016ቱ ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን መርጦ ከነዚያ ውስጥ 16,650 አባወራዎችን አነጋግሯል። ያንን ዳታ ወስዶ አባወራዎቹ ከአገሩ ሁሉ አንድ በአንድ በዕጣ የተመረጡ አስመስሎ፣ ክላስተሩንና ክብደቱን ሳያስገቡ ካይ-ስኩዌር መሥራት ልክ የዶርሙን ስድስት ልጆች እንደ ስድስት ምስክር እንደመቁጠር ነው።

ዳታ ስናስገባም አንድ ማሳሰቢያ። ያልተመለሰ ጥያቄ 99 ተብሎ ይመዘገባል። 99 «የለም» ማለት መሆኑን ለሶፍትዌሩ ካልነገርነው እንደ ቁጥር ይደምረዋል። 19፣ 20 እና 21 ዓመት የሆኑ ሦስት ተማሪዎች አማካይ እድሜያቸው 20 ነው፤ አራተኛው እድሜውን ባይሞላና 99 ተብሎ ቢገባ አማካዩ 39.75 ይሆናል። ከቴስት በፊት እያንዳንዱን ዓምድ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ማየት ብዙ ያድናል።

«እስማማለሁ» ስንት ነው?

ሬንሲስ ሊከርት የአመለካከት መለኪያውን ያቀረበው በ1932 ነው፤ ዛሬ ያለ እርሱ የሚሠራ መጠይቅ ጥቂት ነው። በየቴሲሱ «አማካይ 3.67 ስለሆነ መላሾቹ ይስማማሉ» ተብሎ ይጻፋል። ግማሹ 5፣ ግማሹ 1 ቢመልስ አማካዩ 3 ይሆናል፤ «ገለልተኛ ናቸው» ብለን ልንጽፍ ነው፤ ገለልተኛ ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ለነጠላ ጥያቄ መጀመሪያ ስንቱ ምን እንዳለ በመቶኛ አሳዩ፤ ማወዳደር ከፈለጋችሁ ማን-ዊትኒን ተጠቀሙ። አንድን ነገር የሚለኩ ብዙ ጥያቄዎችን ደምራችሁ አንድ ነጥብ ካወጣችሁ ቲ-ቴስት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ያኔም ቡድኖቹ እኩል ስርጭት አላቸው ብላችሁ ከመገመት ኤስፒኤስኤስ በሁለተኛው መስመር የሚሰጠውን፣ እኩልነትን የማይጠይቀውን ውጤት መውሰድ ይሻላል።

ሌላው ቋንቋ ነው። መጠይቁን በእንግሊዝኛ ብቻ ብንበትነው፣ ከገጠር የመጣው ፍሬሽማን «ገለልተኛ» የሚለውን የሚመርጠው ሐሳብ ስለሌለው ሳይሆን ጥያቄው ስላልገባው ሊሆን ይችላል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተን፣ ለአሥር ተማሪዎች አስቀድመን አንብበን፣ «ምን የተጠየቅክ መሰለህ?» እያልን አረምነው።

ውጤቱ ሲመጣ

ዳታው ገብቶ አለቀ። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ተሰብስበን ዋናውን ቴስት ሠራን። የተከታተሉት ካልተከታተሉት በተሻለ መጠን አልፈዋል፤ ፒ-ቫልዩው ግን ከ0.05 በላይ ነበር።

ዝም አልን። ሁላችንም ቱቶሪያሉ እንደሚጠቅም እናምን ነበር። ሁለታችን ፍሬሽማን ሳለን የተማርንበት ነው። ይህን ውጤት ለሹራው ማቅረብ ማለት ፕሮግራሙን ሊያዘጋ ይችላል።

ከዚያ ሐሳቦች መምጣት ጀመሩ። አንዳችን «በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንሥራው፤ ቱቶሪያል ሊጎዳ አይችልማ» አለ። ይህ ፒ-ቫልዩውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ሌላዋ «ጥቂት ጊዜ ብቻ የመጡትን ብናወጣቸውስ?» አለች። ሦስተኛው «ማለፍና መውደቅን ትተን ግሬዱን እንሞክር፤ ካልሆነ በኮሌጅ እንከፋፍለው» አለ። እያንዳንዱ ሐሳብ ብቻውን ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ በዲፌንስ ላይም ማንም አይጠይቀንም። ይህ ነው አደጋው። አንዱም ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ሁሉም የመጡት ውጤቱን ካየን በኋላ ነው፤ ሁሉም የሚገፉት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

ዒሻ እስኪደርስ ተከራከርን። በመጨረሻ ከመካከላችን ዝምተኛዋ «ውጤቱ 0.03 ቢሆን ኖሮ እነዚያን ጥቂት ጊዜ የመጡትን እናወጣ ነበር?» ስትል ጠየቀች። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አሚሩ ዘንድ ያለውን ወረቀት አስመጣን። ጥቂት ጊዜ የመጣ ማን እንደሆነና የት እንደሚመደብ ተጽፏል፤ ቴስቱም ተጽፏል፤ ከታች የአምስታችን ፊርማ አለ። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

በሃይማኖታችን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ተብለናል፤ ምስክርነትንም በራሳችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆም ታዘናል። ያንን ሁሌም የምናስበው ስለ ሰው ወሬ ነው። በዚያ ምሽት ግን በሠንጠረዥ ላይ ያለ ቁጥርም ወሬ እንደሆነ፣ እኛም ተራኪዎቹ እንደሆንን ገባን። ጊዜያቸውን ሰጥተው የሞሉልን ተማሪዎች የሰጡን አማና ነው፤ በእነርሱ አፍ ያላሉትን ልናናግራቸው አንችልም።

«አላገኘንም» እና «የለም»

በሹራው ፊት ለብዙ ዓመት ሲያስተምር የቆየ አንድ ወንድም ተቀምጦ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ «ታዲያ ልፋታችን ከንቱ ነው ልትሉን ነው?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር።

ያልነውን በምሳሌ እንድገመው። 200 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ 100 ተከታትለዋል፣ 100 አልተከታተሉም። ከተከታተሉት 70፣ ካልተከታተሉት 55 አለፉ። ልዩነት ከሌለ ከየቡድኑ 62.5 እንዲያልፍ፣ 37.5 እንዲወድቅ ይጠበቃል። ካይ-ስኩዌሩ ሲሰላ 4.8 ይመጣል፤ ከ3.84 ስለሚበልጥ ፒ-ቫልዩው 0.03 ያህል ነው፤ «ጉልህ» ይባላል። አሁን ተማሪዎቹ 40 ብቻ ይሁኑ፤ ከ20ው 14፣ ከ20ው 11 አለፉ። መቶኛው ያው 70 እና 55 ነው። ካይ-ስኩዌሩ ግን 0.96፣ ፒ-ቫልዩውም 0.33 ያህል ይሆናል። ቱቶሪያሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምስክሮቹ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ፒ-ቫልዩ ብቻውን አይበቃም፤ ልዩነቱ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል ማሳየት ያስፈልጋል። በ200ው ምሳሌ የ95 ከመቶ ወሰኑ ከ2 እስከ 28 ነጥብ ያህል ነው፤ በ40ው ግን ከ15 ነጥብ ጉዳት እስከ 45 ነጥብ ጥቅም ይዘረጋል። የኋለኛው «ቱቶሪያሉ አይጠቅምም» አይልም፤ «ገና አላወቅንም» ነው የሚለው። ፒ-ቫልዩ የሚነግረን ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በዕጣ የማየት ዕድላችንን ነው፤ መላምቱ እውነት የመሆን ዕድል አይደለም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መግለጫ ይህንኑ አስጠንቅቋል። 0.05 ራሱ ሮናልድ ፊሸር በ1925 መጽሐፉ አመቺ ብሎ ያስቀመጠው መስመር ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ለወንድማችንም ያልነው ይህንን ነው፦ «የእርስዎ ልፋት ከንቱ ነው አላልንም። ያለን መረጃ ለመወሰን አልበቃም፤ ከትንሽ ጉዳት እስከ ትልቅ ጥቅም ሁሉንም ይዟል።» አክለንም፣ ውጤቱ ጉልህ ቢሆን እንኳ ቱቶሪያሉ ብቻ አመጣው ማለት እንደማንችል ነገርነው። ወደ ቱቶሪያል የሚመጣው ቀድሞውኑ ጎበዝ የሆነው ሊሆን ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ሒሳብ ያስፈራው ሊሆን ይችላል። ቴስት ይህን አይለይም፤ የሚለየው አሠራሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ግን ግልጽ መልስ ነበረው። ያልተከታተሉትን «ለምን?» ብለን ነበር። የእህቶችና የወንድሞች ምክንያት በካይ-ስኩዌር ሲታይ በጣም ይለያያል፤ ልዩነቱም ከክፍል ኮዱ እርማት በኋላ ጸንቶ ቆመ። ወንዶቹ በአብዛኛው «አያስፈልገኝም» ሲሉ እህቶች «ሰዓቱ» አሉ። ቱቶሪያሉ ከዒሻ በኋላ፣ ከእነርሱ ዶርም ራቅ ባለ ክፍል ነበር የሚሰጠው። ኤስፒኤስኤስ «.000» ብሎ ሰጠን፤ እኛ «ከ0.001 በታች» ብለን ጻፍነው፤ ዜሮ የሚባል ዕድል የለምና። የእህቶች አስተባባሪዋ ሪፖርቱን ስትሰማ ፈገግ ብላ «ይህንን እኮ በቃል ከነገርናችሁ ቆየን፤ በኮከብ ሲሆን ነው የሰማችሁት» አለች። ሹራው መልስ አልነበረውም። እኛም ከዚያ የያዝነው ትምህርት አለ፦ አንዳንዱን ነገር ለማወቅ ቴስት ሳይሆን ማዳመጥ ይበቃል።

ሹራው የወሰነው እንዲህ ነው። ቱቶሪያሉ ለአንድ ሴሚስተር ይቀጥላል፤ የእህቶቹ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለዶርማቸው ወደሚቀርብ ክፍል ተዛውሯል። በየሳምንቱ መገኘት ይመዘገባል። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን አጭር ፈተና ይወስዳሉ፤ እነርሱ ብቻ በሚያውቁት ኮድ ስለሚፈርሙ በመጨረሻው ከሚወስዱት ጋር ጥንድ ሆኖ ይነጻጸራል። ያ ወንድምም የመጀመሪያውን ፈተና ጥያቄዎች እያወጣ ነው። ቀጣዩን ትንታኔ የሚሠሩት ከእኛ በኋላ የሚመጡት ናቸው፤ ዕቅዳቸውንም ጽፈው አስፈርመዋል። ምን እንደሚያገኙ አላህ ያውቃል።

ለተመራቂዎች

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ቴሲስ ላይ ያላችሁ ሁሉ፦ የትንታኔ ዕቅዳችሁን መጠይቁ ሳይበተን ጻፉና ለአማካሪያችሁ አሳዩ። ዓምዶቻችሁን መርምሩ። መቶኛውንና ወሰኑን ከፒ-ቫልዩው አስቀድሙ። የሠራችሁትን ቴስት ሁሉ ጻፉ፤ ያልሠራላችሁንም ጨምሮ። «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» የሚል ቴሲስ የወደቀ ቴሲስ አይደለም፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ከድካም የሚያድን ነው። ቲ-ቴስቱንና ካይ-ስኩዌሩን ለመሥራት የሚቸገር ካለ ከአስር ሰላት በኋላ በጀመዓው የንባብ ክፍል እንገኛለን። ስትመጡ ዳታውን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም ይዛችሁ ኑ፤ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እርሱን ነው።

አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም፣ ምስክርነታችንንም የቀና ያድርግልን።